መስኮቱን ዝጉት!

ታኅሣሥ ውስጥ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ከሩብ ላይ፣ የካ አባዶ የታክሲ ሰልፍ ውስጥ ቆማችሁ የምታውቁ ከሆነ የምለው ይገባችኋል። ከሰው የሚታየው ዓይኑ ብቻ ነው። አንዱ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ስቦታል። አንዷ ጃኬት ላይ ነጠላ፣ ነጠላ ላይ ሻርፕ ደርባለች። መንገድ ዳር ያለውን ሣር ውርጭ መትቶታል። ማንም አያወራም። የሚሰማው ሳል ብቻ ነው። አንዱ ከፊት ያወጣል፣ ሌላው ከኋላ ይቀበላል።

ሚኒባሷ መጣች። ስንት ሰው እንደምትጭን ሕጉ ያውቃል፤ እኔ መቁጠር ትቻለሁ። ተጋፍተን ገባን። ለእኔ የመስኮት ጥግ ደረሰኝ። ረዳቱ በሩን ጎትቶ ዘጋ። ገና ሳንንቀሳቀስ ከኋላዬ የተቀመጡ ሰውዬ በኃይል አስነጠሱ።

«ይማርዎት!» አለ ግማሹ ታክሲ።

«ያኑራችሁ» አሉና ደግመው አስነጠሱ። አንገቴ ላይ ተሰማኝ። ቀስ ብዬ መስኮቱን ሁለት ጣት ያህል ከፈት አደረግኩት።

«ኧረ መስኮቱን ዝጉት! በብርድ ልትጨርሱን ነው እንዴ?»

ማን እንደተናገረ ዞሬ አላየሁም። እናቴም ብትሆን ይህንኑ ነበር የምትለው። ዘጋሁት። እስከ መገናኛ ድረስ መስታወቱ በትንፋሻችን ላብ ወርዶት፣ አንዱ ልጅ በጣቱ የአርሰናልን ስም እየጻፈበት ሄድን።

በሦስተኛው ቀን ወደቅኩ።

መውደቅ ስል እንዲሁ አይደለም። ጉንፋን ሲይዘኝ አውቀዋለሁ። በመጀመሪያ ጉሮሮዬን ይከረክረኛል፣ በማግሥቱ አፍንጫዬ ይፈሳል፣ ሁለት ጥቅል ሶፍት ከጨረስኩ በኋላ ይተወኛል። ይሄኛው ግን ሌላ ነው። አርብ ከሰዓት ቢሮ ውስጥ ደህና ነበርኩ። መገናኛ ስደርስ ወገቤን ቆረጠኝ። ሲኤምሲ ላይ ብርድ ብርድ አለኝ። አያት ስንደርስ ጥርሴ መንቀጫቀጭ ጀመረ። አባዶ ወርጄ አራተኛ ፎቅ ለመውጣት ሁለት ጊዜ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ናሙና የወሰደልኝ የለምና ኢንፍሉዌንዛ ነበር ብዬ አልምልም። አመጣጡ ግን የእሱ ነው። ጉንፋን በር አንኳኩቶ ይገባል፤ ኢንፍሉዌንዛ በሩን ገንጥሎ ነው።

እኛ ሁለቱንም ጉንፋን እንላቸዋለን። ጉንፋን የሚያመጡት ቫይረሶች ከ200 ይበልጣሉ። ለዚህ ነው አንዱን ስንለምደው ሌላው የሚመጣው። ኢንፍሉዌንዛ ግን የራሱ የሆነ፣ በየጊዜው መልኩን የሚለዋውጥ ቫይረስ ነው። ከተጋባብን በኋላ ከ1 እስከ 4 ቀን ድምፁን አጥፍቶ ይቆያል። ክፋቱ ደግሞ ምልክት ሳናይ ከአንድ ቀን በፊት ጀምረን ለሌላ ሰው ማስተላለፍ መቻላችን ነው። ይህን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። አርብ ጠዋት ስወጣ ደረጃው ላይ የጎረቤቴን የሁለት ዓመት ልጅ አቅፌ ሁለቱንም ጉንጩን ስሜዋለሁ። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ቅዳሜ እናቴ ከሱሉልታ መጣች። አንድ ፌስታል ይዛለች። ውስጡ ዳማከሴ፣ ጤና አዳም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና አንድ እቅፍ የባሕር ዛፍ ቅጠል። አየችኝ፤ ግንባሬን በእጇ ጀርባ ነካችና ምርመራዋን ጨረሰች።

«ምች ነው። ሽንኩርት ስታቁላዪ ቆይተሽ ፀሐይ ላይ ወጥተሻል።»

«እማዬ፣ ሽንኩርት ካቁላላሁ ሳምንቴ ነው።»

«እንግዲያው ንፋስ ነው። መስኮት ከፍተሽ ነው የምትሄጂው፤ አውቅሻለሁ።»

ዳማከሴውን በመዳፏ መሐል አሸችው። አረንጓዴ ጭማቂ በጣቶቿ መሐል ወረደ። ጥቂት ጠብታ ቡና ውስጥ፣ ጥቂት ደግሞ እምቢ እያልኩ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ሽታው እስከ አናቴ ወጣ። ቀጥሎ ባሕር ዛፉን አፍልታ ድስቱን መሬት ላይ አስቀመጠች፣ ጋቢ ከላዬ ጣለችብኝና «ታጠኚ» አለችኝ። ታጠንኩ። እውነቱን ልናገር፤ አፍንጫዬ ተከፈተ፣ ራሴ ቀለለኝ፣ ከታመምኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ወሰደኝ። እንፋሎቱ ቫይረሱን አይገድለውም። የደረቀውን ያረጥባል፣ የታፈነውን ያላቅቃል፤ ይኸው ነው። ለታመመ ሰው ይህም ቀላል አይደለም። ሕፃን ግን በፍጹም አይታጠንበት፤ አንድ ድስት የፈላ ውሃ የተገለበጠበት ልጅ ከጉንፋኑ የከፋ ነገር ነው የሚያገኘው። ማርም ቢሆን አንድ ዓመት ላልሞላው ልጅ አይሰጥም። ከዚያ በላይ ላለ ሰው የሌሊት ሳል ያበርዳል፤ እኔ በትኩስ ውሃና ሎሚ እየጠጣሁት ነው የከረምኩት።

ያኔ ተኝቼ ሳለሁ አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ንፋስ ነው ወይስ የተዘጋ መስኮት?

ይህ ጥያቄ የእናቴና የእኔ ብቻ አይደለም። እንግሊዝ አገር፣ ሳልዝበሪ አጠገብ፣ እ.ኤ.አ. ከ1946 ጀምሮ ከ40 ዓመት በላይ የቆየ የጉንፋን ምርምር ጣቢያ ነበር። ፈቃደኛ ሰዎችን ገላቸውን በሙቅ ውሃ አሳጥበው፣ ሳይደርቁ ንፋስ በሚመታው ኮሪደር ግማሽ ሰዓት አቆሟቸው። እርጥብ ካልሲም አስደረጓቸው። ሰዎቹ ተንቀጠቀጡ፣ ተማረሩ፤ ጉንፋን ግን ከሌላው ሰው በልጦ አልያዛቸውም። ይህን ለእናቴ ስነግራት «ፈረንጅ ብርድ ለምዷል» አለች። መልስ አጣሁላት።

ታሪኩ ግን እዚያ አያበቃም። እ.ኤ.አ. በ2005 ብሪታኒያ ውስጥ፣ ካርዲፍ ከተማ፣ ተመራማሪዎች 180 ሰዎችን ለሁለት ከፈሏቸው። ግማሾቹ እግራቸውን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ 20 ደቂቃ ነከሩ፤ ግማሾቹ ባዶ ሳፋ ውስጥ አስቀመጡ። በ4 እና 5 ቀን ውስጥ እግራቸው ከበረዳቸው 90 ሰዎች 13ቱ፣ ካልበረዳቸው ደግሞ 5ቱ ብቻ ጉንፋን ይዞናል አሉ። ቫይረስ አልተለካም፤ የተጠየቁት ስሜታቸውን ነው። ደግሞም ዋነኛው የጉንፋን ቫይረስ እንደ አፍንጫችን ቀዝቀዝ ባለ ቦታ፣ 33 ዲግሪ አካባቢ፣ ከሰውነታችን ውስጠኛ ሙቀት ይልቅ እንደሚመቸው ታውቋል። ስለዚህ እናቴ ግማሽ ነጥብ ታገኛለች። ብርድ በሩን ሊያላላ ይችላል። የሚገባው ሌባ ግን ከሰው ነው የሚመጣው፤ ከሰማይ አይደለም።

ሌባው ደግሞ የሚወደው የተዘጋ ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 አላስካ ውስጥ አንድ አውሮፕላን ሞተሩ ተበላሽቶ መሬት ላይ 3 ሰዓት ያህል ቆመ። የአየር ማናፈሻው አይሠራም ነበር። 54 ሰው ነበረበት፤ አንዷ ኢንፍሉዌንዛ ይዟታል። በሦስት ቀን ውስጥ ከሰዎቹ 72 በመቶ ያህሉ ታመሙ። ይህን ሳነብ የታየችኝ የአባዶዋ ሚኒባስ ነች። አየሩ አይንቀሳቀስም፣ መስታወቱ ላብ ወርዶታል፣ አንድ ሰው እያስነጠሰ ነው። ልዩነቱ እኛ አውሮፕላኗን በየቀኑ ሁለት ጊዜ መሳፈራችን ነው።

ነገሩ ለእኛ አዲስ አይደለም። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ላይ፣ ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባን ክፉኛ መታ። ብዙ ሺህ ሰው አለቀ። ያኔ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ነበር፤ እሳቸው ተረፉ። አሮጊቶቻችን «የኅዳር በሽታ» ይሉታል። በየዓመቱ ኅዳር 12 በየሰፈሩ ቆሻሻ ተጠርጎ የሚቃጠለውን፣ «ኅዳር ሲታጠን» የምንለውን ልማድ ብዙ ሰው ከዚያ ጊዜ ጋር ያያይዘዋል። የሰፈር ጽዳቱ ደግ ነው። ጭሱ ግን ለእኔ አልሆነኝም። እዚህ አባዶ፣ ብሎኮቹ መሐል፣ ፕላስቲኩም ጫማውም ዳይፐሩም አብሮ ይነዳል። የዚያን ቀን ማታ የሕንጻው ልጆች በሙሉ ሲስሉ ያድራሉ። ከተማ ስትታጠንና ሰው ሲታጠን አንድ አይደለም።

በ2012 መጋቢት የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ሲገኝ ደግሞ ሌላ ነገር አየን። ታክሲ በግማሽ ጫነ፣ ታሪፉ እጥፍ ሆነ፣ መስኮት ክፈቱ ተባለ። ያኔ የሚሰደበው መስኮት የዘጋ ሰው ነበር! የእኛ ብሎክ በር ላይ ቧንቧ የተገጠመለት ጀሪካን ከነሳሙናው ተቀመጠ። ዓመትም አልቆየ፤ ጀሪካኑ ጠፋ፣ መስኮቱ ተዘጋ፣ ትርፍ ጫኙም ተመለሰ። እንዴት እንዲህ በፍጥነት እንደረሳን አይገባኝም። ያን ጊዜ ያስቀመጥናቸው ማስኮች አሁንም መሳቢያ ውስጥ አሉ። እኔ ካገገምኩ በኋላ አንዱን አውጥቼ ማድረግ ጀመርኩ። አንድ ሁለት ሰው «ምነው፣ ተመለሰ እንዴ?» ብሎኛል።

አሁን ወደ ምሬቴ ልምጣ። በታመምኩ በአራተኛው ቀን ማታ መብራት ጠፋ። ቤቱ በረደ። ኮንዶሚኒየም ግድግዳው ቀጭን ነው፤ ሌሊቱ 7 ወይም 8 ዲግሪ ሲወርድ ውስጡም ከውጭ አይሻልም። እናቴ ቡና ያፈላችበትን የከሰል ምድጃ ወደ መኝታ ክፍል አስገባች። ጭስ የለውም፣ ፍም ነው፤ ደስ የሚል ቀይ። በሩን ገፋች፣ መስኮቱን አጠበቀች፣ ከበሩ ሥር ጨርቅ ወተፈች። እኔ ዝም አልኩ። ሞቀኝ፤ ምን እላለሁ?

ግማሽ ሰዓት ቢሆነን ነው። ራሴን ፈለጠኝ። የጉንፋኑ ነው አልኩ። እናቴ ግን «እኔንም ራሴን አዞረኝ፤ ጉንፋንሽ ተጋባብኝ መሰለኝ» አለች። ጥቂት ቆይታ ደግሞ «ያቅለሸልሸኛል» አለች። ያን ጊዜ አንድ ነገር ብልጭ አለልኝ። ጉንፋን ሁለት ሰው ላይ በአንድ ግማሽ ሰዓት ውስጥ አይጀምርም። ግንባሯን ነካሁ፤ ትኩሳት የላትም። ለመነሳት ስሞክር እግሬ አልታዘዝ አለኝ። እየተንፏቀቅኩ ሄጄ መስኮቱን ከፈትኩት። ሁለታችንም ደረጃው ላይ፣ ጋቢ ተከናንበን፣ እስኪነጋ የሚመስል ጊዜ ተቀመጥን። ጎረቤት ሻማ ይዞ ወጣ። በማግሥቱ ጤና ጣቢያ ስንሄድ ነርሷ ያለችን አንድ ነገር ነው፦ «ያኔውኑ ነበር መምጣት የነበረባችሁ።»

ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። አይሸትም፣ አይታይም። ከደማችን ጋር ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይጣበቃል። «ፍም ከሆነ አይጎዳም» የሚለው ነገር ነው ብዙ ሰው የሚያስገድለው፤ ጭሱ ሲጠፋ መርዙ የጠፋ ይመስለናል። ምልክቱ ደግሞ ኢንፍሉዌንዛን ይመስላል፤ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ። ለዚህ ነው በብርድ ወራት ሰው ጉንፋን ነው ብሎ ተኝቶ የሚቀረው። ትኩሳት የሌለው፣ ቤት ያለውን ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ የያዘ፣ ውጭ ሲወጣ ቀለል የሚል ከሆነ ጉንፋን አይደለም። ውጡና ሐኪም ጋ ሂዱ። እናቴ ከዚያ ቀን ወዲህ ምድጃውን በረንዳ ላይ ነው የምታቆመው። ስለ ንፋሱ ግን ሐሳቧን አልቀየረችም።

ስለ እጅ መታጠብም አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ አልልም። እኛ እጅ በመታጠብ የምንታማ ሕዝብ አይደለንም። ማስታጠቢያ ይዞ የሚዞር ልጅ ያልነበረበት ግብዣ የለም። ግን አስተውሉ። ከምግብ በፊት ውሃ ጣታችንን ነካ ነካ ያደርገዋል፤ ሳሙናውን የምንፈልገው ከበላን በኋላ ወጡን ለማስለቀቅ ነው። ተገላብጦብናል። ሳሙና የኢንፍሉዌንዛን ቫይረስ የስብ ሽፋን ያፈርሰዋል። ዋነኛው የጉንፋን ቫይረስ ያ ሽፋን ስለሌለው አይፈርስም፤ ታጥቦ ነው የሚሄደው። ስለዚህ 20 ሰከንድ ያህል ማሸትና በሚወርድ ውሃ ማለቅለቅ ያስፈልጋል። የእኛ ችግር ውሃው ነው። በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ የብሎካችን ተራ ሌሊት ይሆናል። «ውሃ መጣ!» የሚል ድምፅ ሲሰማ ሕንጻው በሙሉ ይነሳል። እኔ ሃይላንድ ላስቲክ ክዳኑን በሚስማር በስቼ ሲንኩ ላይ ሰቅያለሁ። አንድ ጊዜ ለመታጠብ ከግማሽ ብርጭቆ ብዙም አትበልጥም።

አንድ ነገር ደግሞ ካየሁት አልተኛም። ረዳቱ ነው። ብሮቹን ለረጅሙ አጥፎ በጣቶቹ መሐል ሰክቷቸዋል፤ መልስ ሲቆጥር አውራ ጣቱን በምላሱ ያረጥባል። ስዊዘርላንድ ውስጥ የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ የወረቀት ገንዘብ ላይ ሲሞከር እስከ 3 ቀን፣ ከንፍጥ ጋር ሲሆን ደግሞ እስከ 17 ቀን ቆይቷል። ከዚያ በኋላ ከታክሲ ወርጄ እጄን ሳልታጠብ ፊቴን አልነካም። ቢያንስ እሞክራለሁ፤ አፍንጫን የመሰለ የሚያሳክክ ነገር የለም።

አሁን ወደ ልጁ።

በስድስተኛው ቀን የጎረቤቴ ልጅ ሳል ጠናበት። እናቱ መጣችና «እንጥሉ ወርዶ ነው ይሉኛል፤ የሚቆርጥ ሰው አውቃለሁ ብላለች አንዷ» አለችኝ። ደነገጥኩ። እንጥል ማስቆረጥ ገና አለ ማለት ነው፣ ያውም ከመገናኛ በታክሲ በሚደረስበት ሰፈር! ሳል አያድንም። ደም ያፈሳል፣ ቁስሉም ያመረቅዛል። ሌላዋ ጎረቤት ደግሞ ከልጇ የተረፈ አሞክሳሲሊን ነበራት። ለእኔም ስድስት ፍሬ አምጥታልኝ ነበር። አመስግኜ ተቀብዬ መሳቢያ ውስጥ ጨመርኩት። እሱ ባክቴሪያን እንጂ ቫይረስን አይነካም። የእኔን በሽታ ሳይነካ፣ ሆዴን በጥብጦ፣ ባክቴሪያዎቹን መድኃኒቱን አስለምዶ ነበር የሚሄደው።

ልጁን እናቱ ጭን ላይ አስተኛነው። ልብሱን ገለጥን። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ አንድ ጊዜ ለእናቶች ስታስተምር የሰማሁት ትዝ አለኝ። ስልኬ ላይ አንድ ደቂቃ ከፈትኩና የሆዱን ከፍ ዝቅ ቆጠርኩ። ሲያለቅስ መቆጠር የለበትም፤ እስኪረጋጋ ጠበቅን። ከ2 ወር እስከ አንድ ዓመት ላለ ሕፃን በደቂቃ 50 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ላለው ደግሞ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው። ቆጠርኩ፤ 52። ድጋሚ ቆጠርኩ፤ 51። ደረቱ ወደ ውስጥ አይሰረጉድም፣ ይጠጣል፣ ያየናል። ግን 51 ነው። «ተነሺ» አልኳት።

ጤና ጣቢያ የሳንባ ምች ተባለ። ምን ታዘዘለት? አሞክሳሲሊን። ያው መድኃኒት። ልዩነቱ ይሄኛው በልጁ ክብደት ተለክቶ፣ ለሚገባው በሽታ፣ እስከ መጨረሻው እንዲወሰድ የተሰጠ መሆኑ ነው። ልጁ ክትባቱን ጨርሷል። በ2004 የገባውን የሳንባ ምች መከላከያም በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንቱ ወስዷል። ያ ክትባት ሁሉንም ዓይነት አይከለክልም፤ ነርሷ ግን ካርዱን አይታ «ጎበዝ እናት» አለቻት። የኢንፍሉዌንዛ ክትባት በየዓመቱ ከቫይረሱ ጋር እየተቀያየረ የሚሠራ ነው፤ በእኛ አገር መደበኛ የሕፃናት ክትባት ውስጥ የለም። የእኛ ልጆች መከላከያ እንግዲህ እኛው ነን። ያውም አርብ ጠዋት ደረጃ ላይ የማንስማቸው እኛ።

ከማን እንደያዘው ማንም አልጠየቀም። እኔም አላነሳሁትም። ሦስት ቀን ሳይሞላው ሲሮጥ ሳየው ሁለት ሎሊፖፕ ገዛሁለት፤ ከሩቅ ነው የሰጠሁት።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፤ እሱም ከሁሉ ያስቸግረኛል። እንቅልፍ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ አንድ ጥናት 164 ጤነኛ ሰዎችን እንቅልፋቸውን ከለካ በኋላ አፍንጫቸው ውስጥ የጉንፋን ቫይረስ ጨምሮ ነበር። በሌሊት ከ6 ሰዓት በታች የሚተኙት ከ7 ሰዓት በላይ ከሚተኙት በእጅጉ በልጦ ጉንፋን ይዟቸዋል። እኔ ሥራ ስሄድ ሌሊት 10 ሰዓት እነሳለሁ። ማታ ቤት የምገባው 2 ሰዓት ነው። እራት፣ ልብስ፣ የውሃ ፈረቃ፤ ስተኛ 5 ሰዓት ይሆናል። ቁጥሩን አስሉት። የዳማከሴ፣ የሎሚና የዝንጅብል ጉዳይ አይደለም፤ ቤታችን ከሥራችን መራቁ ነው። ለዚህ ዝንጅብል የለውም። እኔ ያደረግኩት አንድ ነገር ቢኖር ሐሙስ ማታ ስልኬን ሳሎን ትቼ በ3 ሰዓት መተኛት ነው። ሐሙስ ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ ሐሙስ ውሃ አይመጣም።

ትናንት ተመልሼ ሰልፉ ላይ ቆምኩ። ውርጩም፣ ጋቢውም፣ ሳሉም እንዳለ ነው። የመስኮት ጥግ ደረሰኝ። ማስኬን አጠበቅኩ፣ ሻርፔን ሁለቴ ጠመጠምኩ። መስኮቱን ሁለት ጣት ከፈትኩ።

«መስኮቱን ዝጉት እንጂ!»

ዞር አልኩ። ያው ሰውዬ ናቸው፤ ያስነጠሱት። ሶፍት በእጃቸው ይዘዋል።

«ጋሼ፣ ንፋሱ የሚመታው እኔን ነው» አልኳቸው። «እርስዎ ጋ ሲደርስ ይሞቃል።»

ረዳቱ ሳቀ። «እህቴ፣ ስንት ጣት ነው የከፈትሽው?»

«ሁለት።»

«አንድ ይሁንላቸው» አለ፤ ብሮቹን በጣቶቹ መሐል እንደሰካ።

ሰውዬው ጥቂት አሰቡና «አንድ ይሁን» አሉ። ወደ አንድ ዝቅ አደረግኩት። ሲኤምሲ ላይ አንገታቸው ደረታቸው ላይ ወደቀ፤ ማንኮራፋት ጀመሩ። ቀስ ብዬ ሁለት አደረግኩት።